በእኔ ካርድ፣ የሶፊያ ጣት

የአልኮል ሽታ በሸተተኝ ቁጥር የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ሳላዘው ይታጠፋል። አንድ ቀን ባንክ ቤት በር ላይ ጥበቃው አልኮል ሊረጭልኝ ሲል እጄን ነጥቄ ከኋላዬ ስለደበቅሁ፣ ሰውዬው ተጠራጥሮ ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ ፈተሸው። ጣቴ ይህን አመል ያመጣው ሸዋ ሮቢት፣ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ሳይርቅ፣ ከአባቴ የሽንኩርት ማሳ ዳር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በየቦዩ ተኝቶ ይቀርና ቢምቢው እንደ ቅርብ ዘመድ ሳይጠራ እየገባ አብሮን ይከርም ነበር። በመስከረም «ማን ታመመ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ማን እንደቀረ ነበር። ያን ዓመት ወባው ተራውን ለእኔ ሰጠኝና፣ በዚያ ሙቀት በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ ጥርሴ እየተንገጫገጨ አባቴ አዝሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ።

እዚያም ለወባ የሚሰጠው መድኃኒት አሁንም ይሠራ እንደሆነ በልጆች ላይ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ነበር። ደም የሚወስዱት፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚውል፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንድ ወረቀት አንስተው ለአባቴ አነበቡለት፤ መድኃኒቱን ከዋጥሁ በኋላ እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን በቀጠሮ እየተመላለስሁ ከጣቴ ጠብታ ደም እንደሚወሰድ፣ ወባው ጨርሶ መጥፋቱ በዚያ እንደሚታይ፣ ካልፈለግን ደግሞ በማንኛውም ቀን መተው እንደምንችል ነገሩት። አባቴ ሁሉንም ሰምቶ «ቢስሚላህ» ብሎ ፈረመና፣ እስክሪብቶውን ሲመልስ «ግን ስምዎ የእውነት ደምሴ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አባቴ ነው ያወጣልኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ቀና ሳይሉ።

ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ትስማሚያለሽ?» አሉኝ። በእኛ ቤት ልጅ ይጠራል፣ ይላካል እንጂ ተጠይቆ አያውቅም ነበርና፣ «አንቺ» ያሉት ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርሁ። ከኋላዬ ሰው ባጣ ጊዜ «እሺ» አልኋቸው፤ በነበረብኝ ትኩሳት ቤታችሁን ሽጪልኝ ቢሉኝም እሺ እል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የቀለበት ጣቴ በአልኮል እየተጠረገ ተወጋሁ። ትኩሳቱ እየለቀቀኝ በሄደ ቁጥር መርፌው እየባሰብኝ ሄደ፤ ስታመም የማይሰማኝ ነገር ስድን ይሰማኝ ጀመር። ሲጨርሱ አንድ እሽግ ብስኩት ይሰጡኝ ነበር፤ እህቴ ሶፊያ ያን ብስኩት በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሶፊያ በአንድ ዓመት ብታንሰኝም ቁመታችን እኩል ነበር፤ መልካችንም ከመመሳሰሉ የተነሳ እናቴ ራሷ የአንዳችንን ስም ጀምራ በሌላችን ትጨርሰው ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ማሾው መለቀም ሲጀምር፣ የአሥራ አራተኛው ቀን ቀጠሮዬ ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። እናቴ ገበያ፣ አባቴ ማሳ ወጥተው ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«አንቺ ሂጂልኝ» አልኋት።

«ብስኩቱስ?»

«ሙሉውን ውሰጂው።»

ቢጫ ሂጃቤን አልብሼ፣ ካርዴን አስይዤ ላክኋት። ስትመለስ እንደነገረችኝ፣ ጋሽ ደምሴ ጣቷን አገላብጠው አይተው «የልጅ ገላ እንዴት ደስ ይላል፣ የመርፌው ምልክት እንኳ የለም» ብለው አድንቀዋል። እኚያ ሰው ሲሠሩ የሚያዩት ጣት እንጂ ፊት አልነበረም። እኔ ከጭንቀቴ ተገላግዬ በመደሰት ላይ ስለነበርሁ፣ ሶፊያ ከብስኩቱ ግማሹን ብቻ በልታ መተኛቷ ምንም አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ በሞተር ቤታችን ድረስ መጡ። አባቴ በርጩማ ሰጣቸው፤ እሳቸው ግን ሳይቀመጡ «የከድጃ ወባ ተመልሷል። መድኃኒቱ አልሠራላትም» አሉ። ድምፃቸው ለቅሶ ቤት የገቡ ያህል ነበር። በሌላ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። አባቴ ቀና ብሎ ማንጎ ዛፍ ላይ ወዳለሁት ወደ እኔ አየ።

«የታመመችው ይህቺ ናት?»

«ደሙ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ጎረቤቱ ሁሉ የዋጠው ይህንኑ መድኃኒት አይደል?» አለች እናቴ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ።

ጋሽ ደምሴ ከቦርሳቸው ሌላ መድኃኒት አወጡ፤ መራራ ስለሆነ በስኳር እንድውጠው መከሩ። እኔም ከዛፉ ወርጄ፣ ከዱላው መራራው ይሻለኛል ብዬ ወስኜ፣ አፌን ልከፍት ስል ከጓዳ የሶፊያ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ በረደኝ።»

ዶሮዎቹ እንኳ ጥላ ሥር ተኮልኩለው አፋቸውን የከፈቱበት ቀን ነበር። መድኃኒቷን እኔ ከዋጥሁት እሷ ምን ልትውጥ ነው ብዬ አሰብሁ።

«ደሙ የእኔ አይደለም» አልሁ። «የሶፊያ ነው።»

አባቴ ዱላ አነሳ፤ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ጓዳው እያየ ቆየና «ጋሽ ደምሴ፣ ለመሆኑ የቷን ልምታ?» አለ። ጋሽ ደምሴ አሁን በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ በትኩረት ተመለከቱ። እዚያው የሁለታችንንም ደም ወስደው ሄዱና አመሻሽ ላይ ተመለሱ። የእኔ ንጹሕ ነበር፤ የሶፊያው ወባ ነበረበት። መድኃኒቱን የሰጧት ያን ጊዜ ነው፤ «አንድ ሁለት ቀን ብንዘገይ ይከፋባት ነበር» አሉ። አባቴም ዱላውን ቀስ ብሎ በሩ ጀርባ አቆመው።

«አልፈልግም ማለት ትችይ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«ለትልቅ ሰው አልፈልግም ይባላል እንዴ?»

«ለእኔ ይባላል።»

ይህን ሶፊያ ከመደቧ ላይ ሆና ሰምታለች። ስታገግም እሷንም ወደ ጥናቱ ለማስገባት ወረቀቱን አንብበው «ትስማሚያለሽ?» ሲሏት፣ ዓይናቸውን እያየች «አልፈልግም» አለቻቸው። አባቴ ደንግጦ «አስተግፊሩላህ» አለ፤ ጋሽ ደምሴ ግን «በጣም ጥሩ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ብስኩቱን ሰጧት። ያን ሰሞን ሶፊያ ውሃ ቅጂ ስትባልም አልፈልግም፣ ማሾ ልቀሚ ስትባልም አልፈልግም ስላለች፣ እናቴ የተጻፈው ወረቀቱ ላይ ብቻ እንደሆነ በሚገባ አስረዳቻት። እኔ የቀሩኝን ቀጠሮዎች በገዛ እግሬ ሄጄ ጨረስሁ። ኅዳር ሲያልቅ ሞተሩ መምጣት አቆመ፤ በታኅሣሥ ከደብረ ሲና በኩል ቀዝቃዛው ነፋስ ወረደና ቢምቢውም ተነቀለ።

ዛሬ አባቴ ስኳር አለበት፤ ጠዋት ጠዋት ጣቱን ወግቼ የምለካለት እኔ ነኝ። ያኔ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ስንቀርብ የሚይዘኝ የእሱ እጅ ነበር፤ ሰፊ፣ የማሳው አፈር በየመስመሩ የገባበት፣ የእኔን ጡጫ ጨርሶ የሚውጥ። አሁን ያ እጅ በእኔ እጅ ውስጥ ቀልሎ ይቀመጣል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና «ጨረስሽ?» ይለኛል። ገና ሳልጀምር «ጨረስሁ፣ አባዬ» እለዋለሁ፤ እሱም አለመጨረሴን እያወቀ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላል።