የሚስ ኦፓል የወረቀት ዱባዎች

ፈክረዲን ወገቡን የተጎዳው ግራንድ ፕሬሪ በምትባል የቴክሳስ ከተማ፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ነው። ከመደርደሪያ የሚንሸራተት ሳጥን ለመያዝ ዞር ሲል ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለበት። ሐኪሙም «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት የለም» አለው። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቴክሳስ ሲሻገር አንድም ቀን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሶፋ ላይ ቀረ። ሚስቱ መስዑዳ ጠዋት ኧርቪንግ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ሆቴል ለሥራ ስትወጣ እዚያ ትተወዋለች፤ ስትመለስም እዚያው ታገኘዋለች።

«ተነስ እንጂ ፈክሩ፣ ትንሽ ወክ አድርግ» ትለዋለች። «አብሽር፣ ይሄም ያልፋል።»

አንድ ቅዳሜ እሺ ብሎ ወጣ። ሁለት መንገድ አለፍ እንዳለ አንድ ቤተሰብ የጋራዡን በር ከፍቶ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ፈክረዲን ሊያልፍ ሲል ከመጽሔቶች ሥር አንዲት የካርቶን ድመት ብቅ ብላ አየ። ጥቁር ናት፤ ጀርባዋን ወጥራ፣ ጅራቷን አቁማ፣ ዓይኗን አፍጥጣለች። አሜሪካኖች በጥቅምት መናፍስትና ጠንቋይ እያስመሰሉ ለሚያከብሩት ሃሎዊን ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ጌጥ ነበረች።

ፈክረዲን በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ካርቶን በቅርጽ የሚቆርጥ ማሽን ላይ ሠርቷል። ድመቷን አንስቶ በብርሃን አገላበጣት። ጺሟ እንደ ክር ቀጥኖ ሳለ ጫፉ እንኳ አልተቦጨቀም። የጀርባዋ ቀለም ካርቶኑ እብጥ ካለበት ቦታ ጋር ልክ ለልክ ገጥሟል። ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚያለፋ ያውቃልና ሦስት ዶላር ከፍሎ ወሰዳት።

መስዑዳ በር ላይ ተቀበለችው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ወረቀት ነው።»

«የሃሎዊን አይደለም እንዴ! አስተግፊሩላህ! ሰው ሰይጣንን ከቤቱ ያባርራል፣ አንተ ገዝተህ ታስገባለህ?»

«ህትመቱን እዪው እስቲ፣ መስዑዳ።»

«ህትመቱን ጋራዥ ውስጥ ሆነህ እየው።»

ድመቷ ጋራዥ ገባች።

እሁድ ልጃቸው ሳጂዳ ልትጠይቃቸው ከፍሪስኮ መጣች። እዚያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ድመቷን ፎቶ አንስታ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና በድንገት ጮኸች።

«አባ! ይሄን ኮሌክት የሚያደርግ ሰው አለ እኮ! ሶ፣ ልክ እሷን የመሰለች ድመት ኦክሽን ላይ መቶ ሰማንያ ዶላር ተሽጣለች!»

ፈክረዲን መጀመሪያ አላመነም። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባው። እነዚህ ጌጦች ለጥቂት ቀን ተሰቅለው እንዲጣሉ የተሠሩ ናቸው፤ ሰውም እንደተባለው ጣላቸው። ከሰማንያና ከዘጠና ዓመት በኋላ በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የተረሳ ጥቂት ብቻ ተረፈ። ውድ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሶፋው ላይ ቢቀመጥም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የጨረታ ዋጋ ይከታተላል፤ የትኛዋ የወረቀት ጠንቋይ ስንት እንዳወጣች፣ የትኛው አጽም ክንዱ ተቀጥሎ ዋጋው እንደወደቀ ያጠናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ሴል ይዞራል። በመጨረሻ ድፍረት አገኘና ከኢንተርኔት ላይ አንድ ትልቅ የወረቀት ጉጉት በሦስት መቶ አርባ ዶላር ገዛ። መስዑዳም ዋጋውን ሰማች።

በመስከረም መጨረሻ ፎርት ወርዝ ያለ አንድ አጫራች ድርጅት የአንዲት አሮጊት ስብስብ ሊሸጥ መሆኑን አነበበ። ከጨረታው በፊት ባለው ሐሙስ ዕቃውን ማየት ይቻላል። መኪና ረጅም ሰዓት መንዳት ወገቡ ስለማይችል መስዑዳ ነዳችለት። አዳራሹ እንደገቡ ግን እሷ በሩ አጠገብ ቀረች። ጠረጴዛው ሙሉ ጠንቋይና አጽም ነው።

ከጠረጴዛው አጠገብ ነጭ ፀጉሯን በቢጫ መሐረብ ያሰረች አሮጊት ተቀምጣለች። ፈክረዲን ወረቀቶቹን ጫፋቸውን ሳይነካ በመዳፉ ሲያነሳ እያየችው ቆየች።

«ወረቀት መያዝ የት ተማርክ?» አለችው።

«ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። ዕቃው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ኦፓል እባላለሁ።»

የሀገሬው ሰው «ሚስ ኦፓል» ይላታልና እሱም እንዲሁ አላት። ከዚያም ስለ ዋጋው ሊጠይቅ ከቤት ያመጣውን ጉጉት ከካርቶኑ አወጣ። ሚስ ኦፓል ከቦርሳዋ ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ አውጥታ መጀመሪያ ከራሷ የወረቀት ድመቶች በአንዷ ላይ አበራች፤ ወረቀቱ እንደደበዘዘ ቀረ። ጉጉቱ ላይ ስታበራ ግን ነጩ ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ።

«የድሮ ወረቀት እንዲህ አያበራም» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ በቅርብ የታተመ ቅጂ ነው። ልጅ ካለህ፣ ዕድሜው ከልጅህ ያንሳል።»

ፈክረዲን ጆሮው ድረስ ጋለ። ያሸማቀቀው ሦስት መቶ አርባ ዶላሩ ሳይሆን በሩ ላይ ቆማ የምትሰማው መስዑዳ ነች።

ሚስ ኦፓል ሳቀች። «አብረን እንፈር። እኔም ሦስት ጊዜ ተታልያለሁ።» ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተች። «ባለቤትህ ናት? ለምን ትቆማለች? ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

መስዑዳ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት አትችልም። መጥታ ተቀመጠች፤ ፊቷን ግን ከጠረጴዛው አዞረች። ሚስ ኦፓል አልተቀየመቻትም። በልጅነቷ እናቷ እዚሁ ፎርት ወርዝ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት እንደነበራቸው አጫወተቻት። አባቷ ጦርነት ዘምተው አልተመለሱም። እናቷ በየጥቅምቱ የዳቦ ቤቱን መስኮት በእነዚህ ወረቀቶች ያስጌጡ ነበር።

«መግዛት የማይችል ልጅ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ያያል። እናቴ 'የሚያይ ሁሉ ይግባ' ብላ ኩኪስ ትሰጠው ነበር። አሁን ወደ አረጋውያን ቤት ልገባ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚሰጡኝ።»

መስዑዳ የዚያን ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «ይሄን ሁሉ የሰቀሉት እናትዎ ናቸው?»

«በገዛ እጇ።»

ወደ ቤት ሲመለሱም መስዑዳ ነዳች። ፈክረዲን ስለ ጉጉቱ ወቀሳ ሲጠብቅ፣ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው ጨረታው?» አለችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ፈክረዲን ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ ያየውን የዳቦ ቤቱን ትልቅ የወረቀት ጨረቃ ተመኝቷል፤ ከስድስት መቶ ዶላር ላያልፍም ለራሱ ቃል ገብቷል። ጨረታው ሲጀመር ስድስት መቶው እንደ ውሃ አለፈ። ጨረቃው በስልክ ለሚጫረት ሰው በሁለት ሺህ አንድ መቶ ዶላር ተሸጠ። መዶሻው ሲመታ ሚስ ኦፓል ዓይኗን ጨፈነች። ፈክረዲንም ቁጥሩ የተጻፈበትን ካርድ ጭኑ ላይ አስተኛው።

መጨረሻ ላይ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተጨማደደ ሣጥን ወጣ። ውስጡ ሲከፈቱ እንደ ማር እንጀራ የሚዘረጉ የስስ ወረቀት ዱባዎችና ድመቶች አሉ፤ ሁሉም የተቀደዱና የተጣበቁ። አጫራቹ «ሃያ ዶላር የሚል?» አለ። አንድ ሰው እጁን አነሳ። ሌላው ሠላሳ አለ። ፈክረዲን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

መስዑዳ ካርዱን ከጭኑ ላይ አንስታ ከፍ አደረገችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የሴትየዋ እናት የሰቀሉት ነገር ቆሻሻ ላይ ሊጣል ነው እንዴ? ዝም በል።»

ሣጥኑን በሰማንያ አምስት ዶላር አሸነፈች።

ሥራው የቴክሳስን የብርድ ወራት ሙሉ ወሰደ። ፈክረዲን ጋራዡ ውስጥ፣ ወገቡን በማይጎዳ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጣበቀውን ስስ ወረቀት በእንፋሎት እያላቀቀ፣ ቀዳዳውን በሌላ ስስ ወረቀት ይደፍናል። ኮላውን ራሱ ከዱቄት አፈላው። መስዑዳ አንድ ቀን ገብታ ማንኪያውን አንስታ አየችና ሳቋ መጣ።

«ይሄ ገንፎ ነው እንጂ ኮላ አይደለም። አምጣው።» እንደ አጥሚት አቅጥና አፍልታ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮላው የእሷ ሥራ ሆነ። ጋራዡ ውስጥም ሁለተኛ ወንበር ገባ።

ከሣጥኑ ግማሽ ያህሉ ዳነ። ጥቂቱን ወደ ጨረታው ሊልክ ሲል ሳጂዳ፣ «አባ፣ ሪፔር መደረጉን ካልነገርካቸው አያውቁም። ከነገርካቸው ፕራይሱ ይወርዳል» አለችው።

«እኔ በተታለልኩበት ሰው አላታልልም» አላት።

የቱ ጋ እንደተጠገነ ለይቶ ነግሮ ላከ። እውነትም ዋጋው ከጤነኛው አነሰ፤ ቢሆንም አንዷ ድመት ብቻዋን አራት መቶ አሥር ዶላር አወጣች። የአጫራች ድርጅቱ ሰው ግን ከዋጋው ይልቅ ጥገናው ገርሞት ደወለ። ሰዎች የተቀደደ ዕቃ ሲያመጡለት የሚጠግንለት ሰው አልነበረውም። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ካርቶን ፈክረዲን ቤት ደረሰ፤ ቀጥሎም ሌላ። የመጋዘኑን ያህል ደመወዝ አይደለም፤ ግን የቤት ኪራዩን ግማሽ ይሸፍናል። ፈክረዲንም ጠዋት ተነስቶ የሚገባበት ሥራ አገኘ።

ከሣጥኑ ውስጥ ያልሸጣቸው ሁለት ዱባዎች ነበሩ። በዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ እሱና መስዑዳ ይዘዋቸው ወደ አረጋውያን ቤቱ ሄዱ። ሚስ ኦፓል አንዱን ዱባ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ስትከፍተው ሽርር ብሎ ክብ ሆነ። ከዚያ የመስዑዳን እጅ ይዛ፣ «የመስኮቱን መጋረጃ ክፈቺልኝ፣ በብርሃን ልየው» አለች።

አንዱን መስኮቷ ላይ፣ ሌላውን በሯ ላይ ሰቀሉላት። ሊወጡ ሲሉ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ኮሪደሩ ላይ ቆመው በሩ ላይ ያለውን ዱባና የተደፈነ ቀዳዳውን ሲያዩ አገኟቸው።

«ይሄን የጠገነው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መስዑዳ ቀድማ፣ «እኛ ነን» አለች።

«ባለቤቴ ስትሞት የተወችልኝ የገና ደወል አለችኝ፤ የወረቀት ናት። ተጨማድዳለች፤ ትድን ይሆን?»

«ሳናያት እንዴት እናውቃለን? ያምጧት» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወንበራቸውን አዙረው ወደ ክፍላቸው ተጣደፉ። መስዑዳ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።