ሁለቱንም ጫማውን ያደረገው እስረኛ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ እኔም ባልቆም ደስ ይለኝ ነበር፣ ጉልበቴ አሁን የእኔ አይደለም። መጋቢው ማይኩን ሲሰጠኝ «እማማ አስካለ፣ እባክዎ አጠር ያድርጉት» ብሎኛል። እሞክራለሁ። ግን ጌታ በቤቴ የሠራው ነገር በአጭሩ የሚያልቅ ካልሆነ እናንተው ፍረዱኝ። ዛሬ የቆምኩት ለመመስከር ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ስናገረው አሁንም ያስደነግጠኛል። ክብር ለስሙ ይሁን!

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ከጡረታ በኋላ ነው። ነርስ ነበርኩ። ነርስ ስላችሁ ትኩሳት ለክታ ሻይ የምትጠጣ አይምሰላችሁ፤ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ፣ ያውም በደርግ ዘመን። መጀመሪያ የሠራሁት ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ ሰው በገመድ ተጠፍሮ ይመጣል። ወንድሙ እያለቀሰ ያሰረውን እኔ ቁጭ ብዬ እፈታለሁ። «ጋሼ፣ ልፈታዎት ነው፣ እጅዎን እንዳያነሱብኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ አያነሱም። አንዳንዱ ያነሳል፤ ይቺ የፊት ጥርሴ የት እንደቀረች ጌታ ያውቃል። ኋላ ደግሞ ፖሊስና ፍርድ ቤት «ዕብድ ነው ወይስ ጤነኛ?» ብለው የሚልኳቸው እስረኞች ወደሚተኙበት ክፍል ተዛወርኩ።

ሃይማኖት ካላችሁኝ፣ አባቴ ከወሎ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ ያደግሁት ጾም በሚጾም የኦርቶዶክስ ቤት ነው። እኔ ግን መጸለይ አቁሜ ነበር። «እግዚአብሔር ካለ ይምጣና ይህን ዋርድ ይየው» እል ነበር። ጴንጤዎችንማ ጭራሽ አልወዳቸውም! ይቅር በሉኝ፣ እየጮኹ ሥራ የሚያበዙብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ቤታችን ላምበረት ነው። ያኔ እንደ ዛሬ መናኸሪያና ሕንፃ አልነበረም፣ ከጓሯችን ጀርባ ገብስ ይዘራ ነበር። ወንድሜን ተስፋዬን አብዮት ጥበቃዎች ከምሳ ላይ አንስተው ወሰዱት። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉ። እናቴ የተረፈውን ምሳ ከድና አስቀመጠችለት። የጠየቅነው ጣቢያ ሁሉ «እዚህ የለም» አለን። ሬሳ የለም፣ ወሬ የለም። ከዚያ በኋላ የእናቴ አፍ ተዘጋ። ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥታ መንገዱን ታያለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። ለዓመታት! ኪኒን ሰጠኋት፣ ጠበል ወሰድኳት፣ ምንም። ዶክተር እንዳላማክር «ምን ገጥሟት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ የፀረ አብዮተኛ እህት መባል ደግሞ ያኔ ምን እንደነበር የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ደበቅኳት። የሰው እናት ሳክም እየዋልኩ የራሴን በር ዘግቼባት እሄድ ነበር።

አሁን ስለ እስረኞቹ ክፍል ልንገራችሁ። እዚያ ዕብደት ሀብት ነው። ዕብድ የተባለ አይገረፍም፣ አይረሸንም። ስለዚህ ሁሉም ያብዳል! አንዱ ከግድግዳ ጋር ይከራከራል፣ አንዱ ሳሙና ይበላል። እኔ አስመሳዩን የምለይበት ከትልልቆቹ ነርሶች የተማርኩት ዘዴ ነበረኝ። ጠባቂያችን አስር አለቃ በየነ የሚባሉ ጠና ያሉ ፖሊስ ነበሩ። እስረኛው እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አስር አለቃ፣ የእውነተኛ ዕብድ ምልክቱን ያውቃሉ? ግራ ጫማውን ማድረግ አይወድም» እላቸዋለሁ። ፈጠራ ነው፣ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። በማግሥቱ ስገባ አስመሳዩ ግራ እግሩን ባዶ አድርጎ ቁጭ ብሏል! አስር አለቃ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ታዲያ የያዝኩትን ሁሉ አሳልፌ አልሰጥም ነበር። ነፍስ ያጠፋ ከሆነ እናገራለሁ። በፖለቲካ የመጣ ልጅ ከሆነ ግን ተስፋዬ ትዝ ይለኝና «ታሟል» ብዬ አልፈዋለሁ።

አንድ ቀን ገመቹ የሚባል ሰው በካቴና አመጡልን። የወለጋ ሰው፣ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ዛሬ አትላስ በምንለው ሰፈር፣ በገዛ ቤቱ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ተይዞ። ጣቢያም ገብቶ በልሳን መጸለዩን አልተወም። መርማሪው የድርጅት የሚስጥር ቋንቋ መስሎት «ተርጉም!» እያለ ገረፈው። «ጌታዬ፣ እኔም ትርጉሙን አላውቀውም» ቢለው ጊዜ «እንግዲያው ይሄ ያበደ ነው» ብሎ ወደ እኛ ላከው። ትስቃላችሁ አይደል? እኔም ሳቅኩ። ጫማውን አውልቄ ውስጥ እግሩን ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። እንዲያ ያበጠና የተላጠ እግር ብዙ አይቻለሁ፣ ግን ሳጥብለት «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ፣ እጅሽ ቀላል ነው» ያለኝ ከእሱ በቀር የለም።

የክፍላችን ዶክተር ኮሪደር ላይ ጠራኝ። «ሲስተር አስካለ፣ ነገ ዕብድ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው ኮሚቴ ፊት ለብቻው ያወራል በይ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ይህ ሰው ከተመለሰ አይተርፍም።» እኔማ አስቀድሜ ወስኛለሁ። ተመልሼ ገብቼ፣ በዚህ ጊዜ ሰውየውን ለማዳን ብዬ፣ ጮክ አድርጌ ያቺን የግራ ጫማ ወሬ ለአስር አለቃ ነገርኳቸው። ገባቸው፤ እንዲያውም አግዘውኝ «አዎ፣ አዎ፣ ግራውን ነው የማይወዱት» አሉ።

በማግሥቱ ስገባ፣ ወገኖቼ፣ ምን አየሁ? ገመቹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱንም ጫማውን አድርጓል! ያንን የተላጠ እግር፣ እኔ በፋሻ እንኳ ስነካው የሚንቀጠቀጠውን እግር፣ ጫማ ውስጥ ከትቶታል። ላብ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ድንግጥ አልኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ትላንት ያልኩትን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ እህቴ። ልታድኚኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ጤነኛ ነኝ።»

«ጤነኛ ከሆንክ ይገድሉሃል!»

«ልጆች አሉኝ። አባታችን የጸለየው አብዶ ነው እያሉ እንዲያድጉ አልፈልግም። እባክሽ፣ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።»

ስንቱ ዕብድ በሉኝ ብሎ እግሬ ላይ ወድቋል! ጤነኛ ነው በይልኝ ብሎ የለመነኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ይህን አሰላስዬ ሳልጨርስ ደግሞ ቀና ብሎ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቤትሽ ውስጥ የማይናገር ሰው ማነው?» የያዝኩት ትሪ ከእጄ ወደቀ! ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአስር አለቃ አልነገርኩም፣ ለጎረቤት አልነገርኩም። «ማን ነገረህ?» አልኩት። «ስሟን ንገሪኝና ልጸልይላት» አለኝ እንጂ አልመለሰልኝም። «በላይነሽ» አልኩ፣ የእናቴን ስም። በካቴና ያልታሰረውን እጁን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጸለየላት። አስር አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሃሌሉያ! ኮሚቴ ፊት ልንቀርብ የቀረን የቁርስ ሰዓት ያህል ነው።

ኮሚቴው ዶክተሩና ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ካድሬ ነው። «ጓድ ነርስ፣ ምን ታዘብሽ?» አለኝ። ዶክተሩ በዓይኑ ይለምነኛል። ገመቹ እያነከሰ ገብቶ ቆሟል፣ ሁለቱም ጫማ እግሩ ላይ ነው። ወገኖቼ፣ እኔ አፌን የከፈትኩት «ለብቻው ያወራል» ልል ነበር። ማርያምን፣ ይቅርታ፣ የድሮ አፌ ነው፤ ጌታ ምስክሬ ነው፣ የወጣኝ ግን «ጤነኛ ነው» የሚል ነው። የገዛ አፌ አስደነገጠኝ!

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» አለ ካድሬው ጠረጴዛውን እየመታ።

«ከአምላኩ ጋር።»

«አንቺም ጴንጤ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ዕብድ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ይህ ሰው ዕብድ አይደለም።»

ገመቹን ይዘውት ሄዱ። በበሩ ሲወጣ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። ዶክተሩ አጠገቤ መጥቶ «ገደልሽው፣ ሲስተር» አለኝ።

ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ተስፋዬን የወሰዱት ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም፤ ያኔ እናቴን መያዝ ነበረብኝ። ላምበረት ወርጄ ደጃችን ስደርስ እማዬ እንደወትሮዋ በርጩማዋ ላይ ናት። ፊቴን አየች። ተነሳች። እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ፦

«ማንን ወሰዱት?» አለችኝ።

ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ! ድምፅዋን ረስቼው ነበር፣ የራሴን እናት ድምፅ! አቅፌያት ደጁ ላይ ቁጭ አልን። «እማዬ ተናገርሽ» ብላት እሱ ጉዳይዋም አልሆነ፣ «ማንን ወሰዱት ነው ያልኩሽ» ትላለች። ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«ሚስት አለችው?»

«አለችው።»

«በሕይወት መኖሩን ታውቃለች?»

«ከተያዘ ወዲህ የነገራት የለም።»

«በይ ተነሺ። ሄደን እንንገራት። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።»

ነጠላዋን አንስታ ከእኔ ቀድማ ወጣች። ለዓመታት ከበርጩማዋ ያልራቀች ሴት! ሰፈሩን ገመቹ እግሩን ሳጥብለት አጫውቶኝ ስለነበር ቤቱን ጠይቀን አገኘነው። ውስጥ ሬዲዮ የሰልፍ ሙዚቃ ይጮሃል። ጫልቱ የምትባል ቀጭን ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ ፈራ ተባ እያለች አየችን። «ነርስ ነኝ። ባልሽ በሕይወት አለ። ዛሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጤነኛ ነው» አልኳት። እዚያው ተንበረከከች። ከጓዳ ሰዎች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ፤ ለካ ሬዲዮው የተከፈተው ጸሎታቸው ውጭ እንዳይሰማ ነው። «ጾም ይዘን ነበር» አለችኝ ጫልቱ እያለቀሰች። «ይፈታ እንኳ አላልንም። መኖሩን ብቻ አሰማን፣ ነበር የምንለው።»

እኔ ውሸቴን ብናገር ኖሮ ያን ቀን እያለቀስኩ ቤቴ አልሄድም ነበር። እማዬም አትጠይቀኝም። ያ ቤትም ጾሙን አይፈታም። ነርስ ነኝ፣ ድንጋጤ የተዘጋ አፍ ሊከፍት እንደሚችል ተምሬያለሁ፤ እንዲያ የሚለኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ግን ማን እንደጸለየላትና ወደ ማን እንደጸለየ አውቃለሁ። እዚያው ጫልቱ ቤት ወለል ላይ፣ ሬዲዮው እየጮኸ፣ ጌታን ተቀበልኩ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ተስፋዬ ትናገራለች፣ ትናገራለች፣ ማን ያስቁማት!

ወንድሜ አልተመለሰም። ይህን ደብቄ ሃሌሉያ ብል እዋሻችኋለሁ። እስከ ዛሬ የት እንደተቀበረ አላውቅም። እማዬ ግን ከዚያ በኋላ ስሙን እየጠራች ኖረች፣ እየጠራችው ሞተች። ገመቹ ያለ ምንም ፍርድ ተፈታ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ግራ እግሩ እያነከሰ። ብዙ ዓመት ልጆቹን አሳደገ፣ አስተማረ። በቀብሩ ቀን ታላቅ ልጁ ለመናገር ቆመ። ረጅም ነገር ይናገራል ብለን ስንጠብቅ «አባቴ ጤነኛ ሰው ነበር። ምስክር አለኝ» ብሎ በጣቱ እኔን አሳየ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ወገኖቼ፣ ጨርሻለሁ፣ መጋቢ ሰዓቱን አይቶብኛል። ከመካከላችሁ እንደ እናቴ በር በሩን እያየ ቃል ያጣ ካለ፣ እንደ እኔም የቤቱን ሐዘን ደብቆ ለሰው የሚስቅ ካለ፣ ይህ ጌታ ይታመናል፣ ታመኑት። ወደዚህ ወደፊት ኑ። ማፈር የለም፤ እኔ አጠገባችሁ እቆማለሁ። እጃችሁን እንዳታነሱብኝ እንጂ፣ የታሰረ ሰው ስፈታ ነው የኖርኩት።