የጭድ ጥጃ

ክረምት ሲገባ ከቤቴ በር ጀርባ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው አሮጌ ካፖርት ላብ ያወጣል። ላብ ስል ለማጋነን አይደለም፤ በግራ ኪሱ የቀረው ጨው ጉሙ ሲያገኘው ይረጥብና ጨርቁ በዚያ በኩል ይጠቁራል። ከዚያ ሽታው ይነሣል፤ የኮመጠጠ ወተት፣ የላም ትንፋሽ፣ እርጥብ ጭድ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቴን በሸፈነ ቁጥር ያ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ይገባል።

በዚያ ቀን የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። በስም አልጠራም፤ አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ፣ የአንዳንዶቹ ልጆች አሉ። ሽማግሌው አላቢ ነበሩ፤ የዚህ ካፖርት ባለቤት። ወተቱን የምታጠልለው መበለት ነበረች፤ ሽማግሌውን «አያ» ትላቸዋለች። ከኮምቦልቻ የተላከው አዲሱ የእርሻው ኃላፊ ነበር፤ ካድሬ ነው። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ፤ አንዱ ረጅሙ የሆጤ ሰፈር ልጅ፣ ሌላው ፊቱን ፈንጣጣ የበላው ዝምተኛ። የወተቱ መኪና ሹፌር ነበር። እኔም ነበርኩ፤ ሁለተኛው አላቢ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። ሰባት ሰው። ቦቄን ከቆጠርን ስምንት። ቦቄ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ላም ነበረች።

እርሻው ከደሴ ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ በታች ነበር። የአንድ ነጋዴ ንብረት ነበር፣ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። ነጋዴው ሄደ፤ ዐሥራ አንዱ ላሞችና ሽማግሌው ቀሩ። ላሞቹ የፈረንጅ ኮርማና የአገር ላም ክልሶች ነበሩ። መልካቸው የአባታቸው፣ ጠባያቸው የእናታቸው።

ይህን ጠባይ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የእኛ አገር ላም ጥጃዋን ሳታይ ወተቷን አትለቅም። መጀመሪያ ጥጃው ይለቀቃል። ግቷን በአፍንጫው እየጎሰመ ጥቂት ሲጠባ እሷ ዞራ ትልሰዋለች፤ ያኔ ወተቱ ይወርድና ጡቶቿ ተወጥረው ያብረቀርቃሉ። ጥጃው ተጎትቶ አፍንጫዋ ሥር ይታሰራል፣ አላቢው ይቀመጣል። በመጨረሻ ለጥጃው ድርሻው ይተውለታል። ሽማግሌው ከመቀመጣቸው በፊት ከኪሳቸው ጨው ቆንጥረው ላሟን ያልሷታል። ቀጥለው «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ ከደረታቸው። ካፖርታቸውን በፀሐይም አያወልቁም ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ላሞቹ የሚያውቁት እኔን ሳይሆን እሱን ነው ብለው ሳቁ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ሱቅ ውስጥ ስኳር ይጠቀለልበት ከነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ ኃላፊ ስለ ወተት ላም አያያዝ የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ሲያውሰኝ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። መጽሐፉ ጥጃ እንደተወለደ ከእናቱ እንዲለይና በባልዲ እንዲጠጣ ይመክራል። ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ ግን፣ ከጥጃ ጋር መታለብ የለመደች ላም ጥጃዋን በድንገት ከተነጠቀች ወተቷን እንደምትይዝ፣ ምክሩም ለእሷ እንደማይሆን ይናገራል። ኃላፊው እዚያ ገጽ አልደረሰም። እኔ ደርሻለሁ። ለሽማግሌውም አንብቤላቸው ነበር፤ አጨብጭበው፣ ይህን የጻፈው ሰው በእጁ ላም አልቧል አሉ።

ሰኞ ዕለት ጥጃዎቹ ሁሉ ከእናቶቻቸው ተለይተው ሌላ በረት ተዘጋባቸው። አብዛኞቹ ላሞች ሲጮኹ ሰንብተው ለመዱት። ቦቄ አልለመደችም። ሽማግሌው ኃላፊው ዞር ሲል ጥጃዋን እያስገቡ ያልቧት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደረሰባቸው። አልጮኸባቸውም። ዝምተኛውን አብዮት ጠባቂ ጠርቶ ጥጃውን እዚያው በረቱ ደጃፍ፣ እናቱ እያየች አሳረደው። ቢላው ደነዝ ነበር። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ቦቄ የታሰረችበትን ግንድ ከሥሩ ነቀነቀችው፣ ገመዱ አንገቷን ልጦ አደማት። ሥጋውን ለምሳቸው ወሰዱት። ቆዳው እዚያው አጥር ላይ ተወረወረ።

ዐሥር ሰዓት ላይ የወተቱ መኪና መጣ። ካፊያ ነበር፤ ከጣራው ቆርቆሮ ላይ ውኃው በክር በክር ይወርዳል። ሽማግሌው ቦቄን ለማለብ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። የባልዲው ቂጥ እንኳ አልተሸፈነም።

ኃላፊው እላያቸው ላይ ቆሞ «አሻጥር ነው» አለ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ይገድል ነበር። ሹፌሩ የሚያጨሰውን ሲጋራ ጣለ።

የሆጤው ልጅ ነገሩ ቀልድ መስሎት ነበር። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። «ዞር በሉ እስቲ አባባ፣ ላም ማለብ ደግሞ ምን ጥበብ አለው» ብሎ ከለመደችው ጎን ሳይሆን ከሌላው ቁጭ አለ። ቦቄ የረገጠችው አንዴ ብቻ ነው። ክንዱ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ። ዝምተኛው የኋላ እግሮቿን በገመድ ጠፈረ። ኃላፊው ከአጥሩ አጣና ነቅሎ ጀርባዋን መታ፣ ጎኗን መታ፣ በመጨረሻ ግቷን መታ። ዝምተኛው ጡቷን በሁለት እጁ ጎትቶ ጨመቀ። ባልዲው ውስጥ የወደቀው ቀይ ነበር። መበለቲቱ ፊቷን በማጥለያው ጨርቅ ሸፍና እመብርሃንን ትጠራለች።

ሽማግሌው በላሟና በአጣናው መካከል ገቡ። አጣናው አልቆመም። አፋቸውን አገኛቸውና ሁለት ጥርስ እበቱ ላይ ወደቀ። ሁለት መሆኑን የማውቀው በኋላ ያነሣኋቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

«ልጄ፣ እኔን ምታኝ» አሉት በጉልበታቸው እንደተንበረከኩ። «እሷ እኮ ሐዘን ላይ ናት።»

ኃላፊው ሳቀ። «ሰማችሁ? ለቅሶ ተቀምጣለች አለ» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ደረቴ ላይ ለጠፈው። «አንተ ታነባለህ። ያለ ጥጃ ትታለባለች ይላል፣ አይልም? አንብብለት።»

አነበብኩ። ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ፊደል ሳልስት አነበብኩ። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ አውራ ጣቴ ሁለት ገጽ አልፎ ያለውን ወረቀት ይዞ ነበር። የቀረኝ መግለጥ ብቻ ነው። በአጣናው ጫፍ ላይ ደምና ቀይ ፀጉር ተጣብቋል። መጽሐፉን ዘግቼ መለስኩለት።

ሽማግሌው አዩኝ። ያ ገጽ እንዳለ ያውቃሉ። አፋቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉና ወደ ቦቄ ዞሩ።

ኃላፊው ለሽማግሌው ፍርዱን ተናገረ። «ሹፌሩ ቢዶኖቹን ጭኖ እስኪጨርስ ጊዜ አለህ። ከታለበች ትቀራለህ። ካልታለበች ከወተቱ ጋር ኮምቦልቻ ትወርዳለህ።» ከመንደሩ ሦስት ሰው በዚያ ዓመት እንደዚያው ወርዶ ነበር። አንዱም አልተመለሰም።

ሽማግሌው ደም ተፉና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ቆዳውን አምጣ። ጭድ ጠቅጥቅበት።»

ጥጃ ሲሞት አላቢዎች የሚያደርጉት ነው፤ እኔ ግን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁም ነበር። ሮጥኩ። ቆዳው በካፊያው ርሶ ገና ለስላሳ ነበር። ጭዱን በሁለት እጄ እያፈስኩ ጠቀጠቅኩበት፣ መበለቲቱ በጆንያ መርፌ በረጃጅሙ ወሰወሰችው። ስትቸኩል ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋች። ሹፌሩ በዚያ መሃል አንድ ቢዶን ጭኖ ያወርዳል፣ ክዳኑን ይፈትሻል፣ መልሶ ይጭናል። ያን ያህል ቀርፋፋ ሰው አልነበረም።

እግር የሌለውን ጥጃ አፍንጫዋ ሥር አስቀመጥነው። ሽማግሌው ጨው በምራቃቸው አርሰው ጀርባውን ቀቡት፣ የኋላ እግሮቿን ገመድ ፈቱላት። ቦቄ አሸተተች። ራሷን መለስ አድርጋ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ሲጠቡባት የምታሰማውን ያን ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማችና መላስ ጀመረች። ሽማግሌው ባበጠ አፋቸው «ቢስሚላህ» አሉ። የመጀመሪያዎቹ የወተት ክሮች ባልዲውን እንደ ጠጠር መቱት። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወፈረ፣ አረፋ ውስጥ የሚገባ ወተት ድምፅ ሆነ። ባልዲው እስከ አፉ ሞላ። ቀይ ነገር አልፎ አልፎ ነበረበት፣ ግን ወተት ነበር። ዳኑ አልኩ በሆዴ።

ሹፌሩ ያን ጊዜ ነው የቀለደው። ለክፋት አልነበረም፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበርና አንድ ሰው መተንፈስ ነበረበት። «ጓድ፣ ይኼ የጭድ ጥጃ ከመጽሐፉ ይሻላል» አለ። የሆጤው ልጅ የተሰበረ ክንዱን እንዳቀፈ ሳቀ። ዝምተኛው እንኳ ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። ይህንንም ልጻፈው፣ እኔም ሳቅኩ።

የኃላፊው ፊት ቀስ ብሎ ነጣ። ሽጉጡን አወጣና የጭዱን ጥጃ ሁለት ጊዜ ተኮሰበት። ጭዱ ተበተነ። ቦቄ ገመዷን በጥሳ ተወረወረች፣ ባልዲው ተገለበጠ፣ ኃላፊው አጥሩ ላይ ወደቀ። ሲነሣ ሽጉጡን ወደ እሷ አዞረ። ሽማግሌው ክንዱን በሁለት እጃቸው ያዙት። መቱት አላልኩም፣ ያዙት ነው ያልኩት። ጥይቱ የጣራውን ቆርቆሮ በሳ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ዝምተኛው በጠመንጃው ሰደፍ ማጅራታቸውን መታቸው። ከወደቁ በኋላም መታቸው፤ አምስት ይሁን ስድስት እርግጠኛ አይደለሁም፣ አምስት ይመስለኛል። ካፖርቱን ገፈው ኪሱን ፈተሹ፤ የተደበቀ ወረቀት የሚያገኙ መስሏቸው ነበር። ጨው አገኙ። ካፖርቱን ወደ ጭቃው ወረወሩት። የሽማግሌውን እጅ የፊጥኝ ያሰሩበት ገመድ ጥጃው ይታሰርበት የነበረው ነው። መኪናው ላይ፣ በቢዶኖቹ መካከል አስቀመጧቸው። ከተገለበጠው ባልዲ የፈሰሰውን ወተት ድመት መጥታ ትልስ ነበር። ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ሲዞር ወደ እኔ ተመለከቱና አንድ ነገር ተናገሩ። ሞተሩ በላው።

ቦቄን ከባሕር ዛፉ መካከል አግኝተን መለስናት። ሁለት ቀን ማንንም አላስጠጋችም። ግቷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ትኩሳቱ በርቀት ይሰማ ነበር። ኃላፊው አጥሩ ላይ ሲወድቅ ክንዱ ወልቆ ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ስለተኛ እንዲህ አድርጉ የሚለን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ካፖርቱን ለበስኩት። ሰፋኝ። ኪሱ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። መበለቲቱ የጭዱን ጥጃ ሁለት ቀዳዳ ደፍና ነበር። አፍንጫዋ ሥር አስቀመጥነው። እኔ ማተብ ያሰርኩ ክርስቲያን ነኝ፤ ተቀመጥኩና እንደ እሳቸው፣ ቀስ ብዬ፣ ከደረቴ «ቢስሚላህ» አልኩ። መበለቲቱ ቀና ብላ አየችኝ።

ቦቄ እጅጌዬን አሸተተች። ደማቸውን የጠረጉበት እጅጌ ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ እሱን ላሰችው፣ ጥጃውንም ላሰችው፣ ወተቱ ወረደ። ግንባሬን ጎኗ ላይ ደግፌ አለብኳት። አንገቴ ቀና እንዲል አልፈለግሁም።

መበለቲቱ ስንቅ ይዛ ሦስት ጊዜ ኮምቦልቻ ወረደች። ሁለት ጊዜ ተቀበሏት። በሦስተኛው፣ ምግብ አያስፈልግም፣ ሁለተኛ አትምጪ አሏት። አገልግሉን እንደተከደነ ይዛ ተመለሰችና እኔ ፊት አስቀመጠችው። «አያ እንኳ ዱባ አይወዱም ነበር» አለች። የያዘችው ዱባ ወጥ ነበር።

ቦቄን እስክታረጅ ድረስ በዚያ ካፖርት አለብኳት። ያ መንግሥት ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም፤ አሁን ሰው ያየውን መናገር ጀምሯል። ስለዚህ በዚያ ቀን ለነበራችሁ ነው ይህን የምጽፈው። የሆጤው ልጅ፣ ክንድህ ጠምሞ እንደጠገገ ሰምቻለሁ። ዝምተኛው፣ አንተም ካለህ። የሰደፉን ቁጥር ካሳሳትኩ አርሙኝ፤ ሽጉጡ የተኮሰው ሦስት ሳይሆን አራት ከሆነም ጨምሩበት። ከሁሉ በላይ ግን ሹፌሩን እለምናለሁ። አንተ ከፊት ነበርክ፣ መስኮትህም ክፍት ነበር። መኪናው ሲዞር ምን አሉ? ስለ ላሟ ከሆነ ንገረኝ። ስለ ገጹ ከሆነም ንገረኝ።