ጀልባ የሚታሰርበት መለኪያ

በሠላሳ አምስት ዓመቴ ሃይድሮሊክስ፣ ማለትም የውሃ ምህንድስና፣ ልማር ሐዋሳ ስገባ፣ የክፍሌ ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሐይቁ ዳር ከተተከለው ባለቁጥር እንጨት ላይ የውሃውን ከፍታ በየማለዳው እያነበብኩ፣ ሚሊሜትር ሳላስቀር እመዘግብ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ፣ «ልጄ፣ በሱ አትተማመኚ፤ ጀልባ እያሰርንበት ይሰምጣል» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔ የማነበው ቁጥሩን ነው።»

«እንጨቱ ሲሰምጥ ቁጥሩ ማን ጋ ይቀራል?» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ሐይቁ እየሞላ ነው ብዬ ጽፌ ተመረቅሁ። በዓመቱ ተመልሼ ሐይቁ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ አንጻር ስለካው፣ እንጨቱ አንድ ስንዝር ሰምጧል፤ ሐይቁ አልሞላም። ሽማግሌው እዚያው መረብ ሲጠግኑ አዩኝና፣ «ቁጥሩስ ደህና ነው?» አሉኝ።

አፈርኩና «ደህና ነው» አልኳቸው።

ጽሑፉን አርሜ አስገባሁ። እውነቱን ለእሳቸው ልነግራቸው ስመለስ ግን ጀልባቸውን ሸጠው ሄደዋል።