ለጽጌ ፋሲካ የሠራሁት ሩዝ

ይህን ለሼህ አልነገርኩም፤ ለቄስ ደግሞ እኔ የምናገር ሰው አይደለሁም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ብቅል ስለማልቀምስ ይሆናል እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ የቀረው። እናንተ አታውቁኝም፣ እህቴንም አታውቋትም። ስለዚህ ልንገራችሁ። እህቴን በፋሲካዋ ቀን የማትበላውን አበላኋት። እኔ፣ በገዛ እጄ።

ጽጌ ታላቄ ናት፣ የእናቴ ልጅ። አባቷ ክርስቲያን፣ አባቴ ሙስሊም፤ ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። እናታችን ቤት ዓመት በዓል ሲመጣ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ የእስላም ሥጋ ለኔ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለሷ። እየተሳሳቅን ጎን ለጎን እንበላለን እንጂ ከአንድ ትሪ ሥጋ በልተን አናውቅም። ካርቱም ስንገናኝም እንደዚያው ነበርን። እሷ ዴም የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ካፉሪ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ምግብ አበስላለሁ።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት አንድ ዓመት፣ ለበዓል ዶሮ የሚባርክላት ጎረቤቷ አገሩ ገባ። ካርቱም ገበያ ያለው ሥጋ ደግሞ በእስላም የታረደ ነው። ያን ሁሉ ጾማ በምስር ልትፈስክ ሆነ። አዘንኩላት።

"እታለም፣ ዘንድሮ ዶሮ ወጡ ይቅርብሽ። ዓሣ በሩዝ ልሥራልሽ። ዓሣ አይባረክ፣ አይታረድ፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን" አልኳት።

"ፋሲካ በዓሣ? ጉድ ነው!" ብላ ሳቀች። መልሳ ግን "እሺ፣ ኢንሻአላህ ይሁን" አለች።

እስከዚህ ድረስ ያለችው ሰዓዳ፣ እኔ ማለት ነኝ፣ ደግ ሰው ናት። እዚህ ላይ ባቆምኩ እንዴት በወደድኩ!

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ካፉሪ ለእንግዶች ዶሮ ቀቅዬ ነበር። ማዳም መረቁን ድፊው አለችኝ፤ አሳዘነኝና ለራሴ እራት ብዬ በጠርሙስ ይዤው ወጣሁ። ዴም ደርሼ ዓሣውን ጠበስኩ፣ ሩዙን ጣድኩ፣ ቀመስኩት። ውሃ ውሃ ይላል። የማዳም እንግዳ የሚያደንቀኝ ሴት ለእህቴ ይህን ላቅርብላት? ፋሲካዋን ለኔ ሙያ አደራ ሰጥታ? ጽጌ ግቢው ውስጥ ትሪ ታጥባለች። ጠርሙሱን ከፈትኩና አፈሰስኩበት። ውሃ ነው አልኩ ለራሴ፣ ሥጋ የለበትም። ውሃ ከሆነ ባዶውን ጠርሙስ ለምን ሻርፔ ስር ደበቅኩት?

ትሪው መሃላችን ቀረበ። "ያላ፣ አንቺ ቢስሚላህ በይ፣ እኔም በስመ አብ ልበል" አለች። ከዓሣው ይልቅ ሩዙን ደጋገመች። "ሰዓዳ፣ ከእጅሽ ምን አለበት ብዬ ሳልጠይቅ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው" አለችና አጎረሰችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ጎረስኩ። ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጠኝ?

ያቺ ሴት እኮ እኔ ቤቷ ስመጣ የምከትፍበትን ቢላ እጀታው ላይ ክር አስራ ለብቻው የምታስቀምጥልኝ ናት። ከሷ ቢላ ጋር እንዳይነካካብኝ ብላ። እሷ የኔን እንዲህ ስትጠብቅልኝ እኔ የሷን ምን አደረግኩት? እሷ በኔ ላይ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ ዓይኗን አይ ነበር? ተርቤ አልነበረም፣ ተገድጄም አልነበረም። እጅሽ ይጣፍጣል መባል ፈልጌ ነው። ለምስጋና ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ዛሬ እሷ ደሴ ናት፣ እኔን ጦርነቱ ገዳሪፍ ጥሎኛል። በየፋሲካው ትደውልልኛለች። የሐይቅ ዓሣ ገዝታ ያንኑ ሩዝ ለልጆቿ ትሞክራለች። "እንዳንቺ አልሆነልኝም፤ ምን ነበር የጨመርሽበት?" ትለኛለች።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። የበላችው እሷ ናት፣ ይቅርታውም የሷ ነው። እውነቱን ብነግራት ያቺን አንዲት ትሪ እቀማታለሁ እያልኩ ዝም አልኩ። ይህም ሰበብ ነው፤ የፈራሁት ለራሴ ነው። በጠየቀችኝ ቁጥር ሽንኩርቱን በደንብ አቁላዪው እላታለሁ። እሷም አምናኝ ሽንኩርቱን ታቁላላለች።