ሙቀቱ የኮከቡ ነው የሰፈሩ?

አባቴ አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በቦይለር ሠራተኛነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሳሪስ ፊዚክስ እያስተማርኩ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት እሠራ ነበር፤ ድንገት ቦግ ስለሚሉ ወጣት ኮከቦች። እነዚህ ኮከቦች ከተወለዱበት አቧራ ገና አልወጡም። አቧራው ስለሚጋርዳቸው የሚጠኑት ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር ነው። ያንን ጨረር እንደ ቀስተ ደመና በትኖ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚተወውን መስመር የሚለካ ቴሌስኮፕ ሕዋ ላይ ነበር። መረጃው ለማንም ክፍት ስለሆነ ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ እየጫንኩ ከአባቴ ጋር ወደምኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አመጣው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስክሪኑ ላይ ረጅም የካርቦን መስመር አየሁ።

«አባባ፣ አገኘሁት!»

ሬዲዮናቸውን ቀነሱ። «ምኑን?»

«ኮከቡ ቦግ ሲል ያሞቀውን ጋዝ።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ሙቀቱ የኮከቡ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ቴሌስኮፑ ወደ ኮከቡ ዞሮ ነዋ የለካው።»

«እኛ ቧንቧው ጋለ ከማለታችን በፊት ግድግዳውን እንዳስስ ነበር። ክፍሉ ራሱ ግሎ ሊሆን ይችላላ። ዙሪያውን ለክተሻል?»

አልለካሁም። የቦይለር ክፍልና ሕዋ እንደሚለያዩ በትሕትና አስረዳኋቸው። «እሺ» አሉኝ።

ቴሌስኮፑ ኮከቡ ያለበትን ሰማይ በሃያ አምስት ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚለካው፤ እኔ የከፈትኩት የመሃሉን ብቻ ነበር። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሌሎቹን ከፈትኳቸው። ካርቦኑ ሁሉም ውስጥ አለ፤ ጥግ ላይ እንዲያውም ከመሃሉ ይበልጣል። ሦስት ወር የለፋሁበት ምዕራፍ ስለ ኮከቡ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ሆኖ ተገኘ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ውሃ ስላልነበረ ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ።

«ዙሪያውም ግሏል?» አሉኝ አባቴ።

«ግሏል።»

«እንግዲያው የዙሪያውን ቀንሺና የሚተርፈውን እዪ።»

ስቀንሰው ካርቦኑ ጠፋ። የኦክስጅን መስመር ግን መሃሉ ላይ ቀረ፤ ትንሽ ነው፣ ግን የኮከቡ ነው። ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት።

ጥናቴን ያቀረብኩ ቀን አባቴ ኮት ለብሰው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ስለነበር ግማሹን ተኙ። ፈታኞቹ ጥያቄ ጠይቀውኝ አለፍኩ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣

«ያ ረጅሙ ሰውዬ ምን ብሎ ነው ያፋጠጠሽ?» አሉኝ።

«ዙሪያውን ቀንሰሻል ወይ ነው ያሉኝ።»

«ሥራ ያውቃል» አሉ። ከዚያ እስከ ገላን ድረስ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ብቻ ነው ያወሩት።