የሀቢባ ፍላሽ እና የሙናዬ ይግባኝ

ሀቢባ አብዱልአሊም ወረታ ላይ፣ ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ ማመልከቻ በኮምፒዩተር ስትጽፍ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባለጉዳይ ሁሉ የእጇን ፍጥነት ያወራል። እኔ ስለ እርሷ የማልረሳው በ2002 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ነው።

ጎረቤቴ ሙናዬ ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም በርብ ወንዝ ዳር ያለውን የሩዝ ማሳዋን ወሰደባት። ከሰሰች፤ ተረታች። ይግባኝ የምትልበት ስልሳ ቀን የሚያልቀው በዚያ ዓርብ ነበር። ሀቢባ ሐሙስ ዕለት ሦስቱን ገጽ ጽፋ ጨረሰች። ዓርብ ጠዋት ልታትመው ስትል መብራት ጠፋ። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅን።

«ትናንት በፍላሽ ገልብጨዋለሁ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያለበት ደብረ ታቦር እናትመዋለን» አለች። ሦስታችን ሚኒባስ ተሳፈርን።

ደብረ ታቦር የጽሕፈት ሱቅ ያለው መንግሥቴ ፍላሹን ሰክቶ ፋይሉን ከፈተና ሳቀ።

«ሀቢባ፣ ይህን በየትኛው አገር ቋንቋ ነው የጻፍሽው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የማውቀው ፊደል አንድም አልነበረም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና ነጠብጣብ ተዘርቶበታል። ሙናዬ ማንበብ ባትችልም የሀቢባን ፊት አይታ ነጠላዋን ጨበጠች።

«እኔ ጋ በደንብ ይታይ ነበር እኮ!»

«አንቺ ጋማ ፊደሉ ተጭኗል። የወርድ ፋይል የአማርኛውን ፊደል ይዞ አይመጣም፤ የሚከፈትበት ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ እንዲህ ይሆናል። በፒዲኤፍ ብታስቀምጪው ኖሮ እንደ ፎቶግራፍ እንዳለ ይወጣ ነበር።»

ስምንት ሰዓት ሆኗል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በአሥራ አንድ ይዘጋል። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ወረታ ቀርቷል።

«ደጋግመሽ አንብበሽልኝ የለ? እኔ እነግርሻለሁ፤ ጻፊ» አለች ሙናዬ።

ሀቢባ ተቀመጠች። የመንግሥቴ ኮምፒዩተር የአማርኛ መጻፊያ ከእርሷ የተለየ በመሆኑ አንዱን ፊደል ስትነካ ሌላው ይወጣል። እኔ ከኋላ ቆሜ አነብባለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከማሳው አዋሳኞች ዝርዝር፣ «በምዕራብ የርብ ወንዝ» የሚል አየሁ።

«ኧረ ሀቢባ! ወንዙ በምሥራቅ ነው!»

«በምዕራብማ የጎረቤቴ የአዛናው ማሳ ነው፤ መሬቴን ልታስበይኝ ነው?» ብላ ሙናዬ ጮኸች።

«አባ ይልቃል፣ እባክዎ ከአጠገቤ አይጥፉ» አለችኝ ሀቢባ። ላብ ከግንባሯ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብሁ።

መዝገብ ቤት ስንደርስ ሠራተኛው ወንበሩን ገፍቶ ሊነሣ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ እኛን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ገጾቹን ቆጠረ። ማኅተሙን ሲመታ ሙናዬ በቁሟ አለቀሰች፤ ሀቢባ ግን ኮፒውን ተቀብላ አዋሳኞቹን እንደገና ታነብ ጀመር።

«ተይ ልጄ፣ ገብቷል» አለቻት ሙናዬ።

«ምሥራቁን ብቻ ልየው፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ ሀቢባ እያንዳንዱን ጽሑፍ በሁለት ፋይል ታስቀምጣለች፤ ለማረም በወርድ፣ ለመላክና ለማተም በፒዲኤፍ። ፒዲኤፉንም በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ከፍታ ሳታይ ባለጉዳይ አታሰናብትም።